ኤፍ 40 ወይስ ኤፍ 50? ሁለቱን ፌራሪዎች ለሚያወዳድር ሰው

ዱባይ ውስጥ ውድ የስፖርት መኪናዎች የሚጠገኑበት ጋራዥ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። የተዋወቅነው ልጆች ሆነን፣ ሶማሌ ተራ ክረምት ክረምት መለዋወጫ ሱቅ ስንላላክ ነው። ባለፈው ወር ማታ ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ አንድ ደንበኛችን ፌራሪ ሊገዛ ነው። አንድ ኤፍ 40 እና አንድ ኤፍ 50 ቀርበውለታል። የቱን ልግዛ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?»

ስለነዚህ ሁለት መኪናዎች ለዓመታት አንብቤአለሁ። ሁለቱንም በቅርብ አይቻቸዋለሁ። እንደዚያም ሆኖ «ይሄን ግዛ በለው» ብዬ ስልኩን መዝጋት አልሆነልኝም። ጥያቄው ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው የትኛው ሞዴል ይሻላል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ ሞዴል ውስጥ የትኛው መኪና የሚለው ነው። ሰው የመጀመሪያውን ሲከራከርበት ውሎ ሲያድር ሁለተኛውን ይረሳዋል። ገንዘብ የሚቀልጠው ግን በሁለተኛው ነው።

ለወዳጄ በድምፅ መልእክት የላክሁለትን ሁሉ ሰብስቤ እዚህ ጻፍሁት። ለሚገዛ ሰው ይጠቅመዋል። እንደ ወዳጄ እጁን ሞተር ውስጥ ለሚያስገባ ሰውም፣ ዝም ብሎ እነዚህን መኪናዎች ለሚወድ ሰውም ይሆናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚያመሳስላቸው

ሁለቱም የተሠሩት የፌራሪ ፋብሪካ ባለበት፣ ጣሊያን ውስጥ ማራኔሎ ነው። ሁለቱም ሞተራቸው ከሾፌሩ ጀርባ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ይይዛሉ። ካምቢዮአቸው በእጅ ነው፤ ኤፍ 40 አምስት ማርሽ፣ ኤፍ 50 ስድስት ማርሽ አለው። የማርሹ ዘንግ የሚሄደው በተፈለፈለ የብረት ሰሌዳ መሐል ነው። ማርሽ በገባ ቁጥር ብረት ከብረት ሲነካካ ይሰማል። ያንን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም።

የሌላቸውን ነገር መቁጠር ይቀላል። ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ የለም። ፓወር ስቲሪንግ የለም። ፍሬኑ ሰርቮ፣ ማለትም እግርን የሚያግዝ መሣሪያ፣ ስለሌለው የሚይዘው በእግር ጉልበት ብቻ ነው። ጎማው ሲንሸራተት ጣልቃ ገብቶ የሚያድን ኮምፒውተርም የለም። ዛሬ ማንኛውም የቤት መኪና ላይ ያለው መድን እነዚህ ላይ የለም ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ይህንን ይቀበል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ጎማ፣ ማርሚታ። የኛ መካኒኮች ቀኑን ሙሉ የሚጠሯቸው ቃላት የጣሊያንኛ ናቸው። ወዳጄ ጋራዡ ውስጥ ከነበረ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ጋር መጀመሪያ የተግባባው በእነዚህ ቃላት ነው። እንግሊዝኛቸው ሁለቱም ገና ነበር። አንዱ «ፍሪሲዮኔ» ሲል ሌላው ፍሪሲዮኑን ይዞ ይመጣል። ይህን ሲነግረኝ በጣም ደስ አለኝ።

ኤፍ 40

ታሪኩ የሚጀምረው ከሌላ መኪና ነው። በ1984 ጄኔቫ ላይ 288 ጂቲኦ የሚባል ፌራሪ ታየ። የታሰበው ግሩፕ ቢ ለተባለው የውድድር ምድብ ነበር። የሞተሩ መጠን 2,855 ሲሲ ነው። ይህ ቁጥር እንዲሁ የመጣ አይደለም። የውድድሩ ሕግ ቱርቦ ያለውን ሞተር መጠን በ1.4 ያባዛ ነበር። 2,855 በ1.4 ሲባዛ ከ4,000 ሲሲ ትንሽ ዝቅ ይላል። በሕጉ ጠርዝ ላይ በስሌት የቆመ ሞተር ነው።

ከዚያ በ1986 በራሊ ውድድሮች ላይ ተመልካቾችም ተወዳዳሪዎችም ሞቱ፤ ግሩፕ ቢም ተዘጋ። ፌራሪ ለዚያ ውድድር ያሳደገው መኪና መወዳደሪያ አጣ። መሐንዲሱ ኒኮላ ማቴራዚ የቱርቦ ሰው ነበር፤ ያንን ሥራ መሠረት አድርጎ አዲስ የመንገድ መኪና ለመሥራት ተነሳ። ኤፍ 40 የተወለደው እንዲህ ነው። ጁላይ 21 ቀን 1987 ማራኔሎ ላይ ተገለጠ። ስሙ የኩባንያውን 40 ዓመት ያስታውሳል። የኩባንያው መሥራች ኤንዞ ፌራሪ ያን ጊዜ 89 ዓመታቸው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ኦገስት 14 ቀን በ90 ዓመታቸው አረፉ። በሕይወት እያሉ «ይሁን» ብለው ያወጡት የመጨረሻ የመንገድ መኪና ይህ ነው። ሰው ለኤፍ 40 ያለው ፍቅር ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ቁጥሮቹን በአጭሩ ልንገራችሁ። ቪ 8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር፣ 2,936 ሲሲ፣ ሁለት ቱርቦ። ኃይሉ 478 የፈረስ ጉልበት ነው። ፋብሪካው የሰጠው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 324 ኪሎ ሜትር ነው። በማይል ከ200 በላይ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ለመንገድ መኪና የማይታሰብ ነበር። ክብደቱ ያለ ነዳጅና ፈሳሽ 1,100 ኪሎ ግድም ነው።

ባለፈው ዓመት ወዳጄን ልጠይቅ ስሄድ ጋራዡ ውስጥ አንድ ኤፍ 40 ቆሞ ነበር። በሩን በአንድ ጣት ከፈትሁት። ያን ያህል ይቀላል። ከውስጥ የበር መክፈቻ ፈለግሁ፤ የለም። ያለው አንድ ገመድ ብቻ ነው፤ እሱን ስትስበው በሩ ይከፈታል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ የለም። ሬዲዮ የለም። ፔዳሎቹ እንዲቀሉ ተብሎ ተበስተዋል። የአካሉ ቁራጮች የተገናኙበት ቦታ ላይ ማጣበቂያው ደርቆ ይታያል፤ ማንም ሊሸፍነው አልሞከረም። ከውጭ ጎንበስ ብዬ ቀይ ቀለሙን በብርሃን አየሁት። ከሥሩ የካርቦንና ኬቭላር የሚባለው ጠንካራ ክር ሽመና ልክ እንደ ሸማ ድርና ማግ ይታያል። ክብደት እንዳይጨምር ቀለሙን ስስ አድርገው ስለቀቡት ነው።

ብዙ ሰው ይህንን ሲያይ «ለዚህ ነው ያ ሁሉ ገንዘብ?» ይላል። እኔ ደግሞ የወደድሁት ለዚህ ነው። እዚያ መኪና ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ሥራ ስላለው ነው ያለው።

ሲታሰብ 400 ብቻ ሊሠሩ ነበር። ፈላጊው ሲበዛ ምርቱ እስከ 1992 ቀጠለና ቁጥሩ ከ1,300 አለፈ። እንግዲህ ከቁጥር አንፃር ኤፍ 40 ያን ያህል ብርቅ አይደለም። ለገዢ ግን ይህ መጥፎ ዜና አይደለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኤፍ 50

ኤፍ 50ን ለማወቅ ከሞተሩ መጀመር ነው። በ1990 አለን ፕሮስትና ናይጄል ማንሰል ለፌራሪ የነዱት የፎርሙላ ዋን መኪና 641 ይባላል። ፕሮስት በዚያ ዓመት በእሱ አምስት ውድድር አሸንፏል። ያ መኪና 3.5 ሊትር ቪ 12 ሞተር ነበረው። የኤንዞ ልጅ ፒዬሮ ፌራሪ ያንን ሞተር መንገድ ላይ ማየት ፈለገ። ሞተሩ ወደ 4.7 ሊትር አደገ፤ ለመንገድ እንዲሆን ተገራ። በየሲሊንደሩ አምስት ቫልቭ አለው፤ በድምሩ 60 ቫልቭ። ቱርቦ የለውም። 520 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው በደቂቃ 8,500 ዙር ላይ ደርሶ ነው።

ከሞተሩ ይልቅ የሚገርመኝ አገጣጠሙ ነው። ተራ መኪና ላይ ሞተር ሻንሲው ላይ በላስቲክ ትራስ ይቀመጣል። ንዝረቱን ትራሱ ይውጠዋል። ኤፍ 50 ላይ እንዲህ ያለ ትራስ የለም። ሰው የሚቀመጥበት የካርቦን ገንዳ አለ። ሞተሩ በቀጥታ ከገንዳው ጀርባ በብሎን ታስሯል። ካምቢዮው ከሞተሩ ጀርባ ታስሯል። የኋላ እግሮቹ የተንጠለጠሉት ካምቢዮው ላይ ነው። ሞተሩን ብታወጡት የመኪናው ግማሽ የለም። ልክ እንደ ውድድር መኪና ማለት ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሲነሳ ንዝረቱ በወንበሩ፣ በወለሉ፣ በመሪው በኩል ሰውነት ውስጥ ይገባል። አንዳንዱ ሰው በዚህ ይማረራል። ሌላው ደግሞ የገዛው ለዚሁ ብሎ ነው።

በ1995 ጄኔቫ ላይ ታየ። ጣሪያው ይነሳል። መስኮቱ በእጅ እየዞረ ነው የሚወርደው። ቀለሙ አምስት ዓይነት ነበር፤ አብዛኛው ቀይ ነው። እስከ 1997 ድረስ 349 ብቻ ተሠሩ። ፌራሪ ይህን ያደረገው ሆን ብሎ ነው፤ ገበያው ከሚፈልገው በአንድ ማነስ አለበት የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ኤፍ 40 ላይ የሆነው እንዳይደገም ፈርተው ነበር። እዚህም እመለስበታለሁ።

ሲወጣ ጊዜ አልቀናውም። መልኩ አከራከረ። ከኤፍ 40 ቀጥሎ መምጣት በራሱ ከባድ ነው። ዘመን ሲያልፍ ግን ሰው አመለካከቱን ቀየረ። በእጅ የሚቀየር ማርሽ፣ ቱርቦ የሌለው ቪ 12፣ ከፎርሙላ ዋን የመጣ ሞተር። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ የተገኙበት ሌላ የመንገድ ፌራሪ የለም። ከእሱ በኋላ የመጣው፣ በመሥራቹ ስም ኤንዞ የተባለው ፌራሪ ፍሪሲዮን የሚረገጥበትን ፔዳል አስቀርቶታል።

መንገድ ላይ

ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ የነዳ ሰው ቱርቦን ማስረዳት አያስፈልገውም። ላይ ሲለግም የነበረ መኪና ታች ሲደርስ ነፍስ ይዘራል። ከፍታው ሲቀንስ አየሩ ስለሚወፍር ነው። ሞተር ብዙ አየር ሲያገኝ ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል። ቱርቦ ያንን ወፍራም አየር በጉልበት እየጨመቀ የሚያስገባ ነገር ነው። የሚያሽከረክረው ደግሞ በጭስ ማውጫው የሚወጣው ጋዝ ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ጋዙ ትንሽ ነው፤ ቱርቦው አይነቃም። ዛሬ ያሉት ቱርቦዎች ቶሎ ይነቃሉ። በ1987 የነበሩት ግን ያስጠብቁ ነበር።

ወዳጄ ሁለቱንም ከጥገና በኋላ ለሙከራ ነድቷል። እንዲህ አለኝ። «ኤፍ 40ን ስትረግጠው መጀመሪያ ምንም የለም። ይሄ ነው እንዴ ትላለህ። ከዚያ ከጀርባህ ፉጨት ትሰማለህ። ፉጨቱን ሰምተህ ሳትጨርስ አንድ ሰው ወንበርህን በእርግጫ የመታው ይመስልሃል። ኤፍ 50 ግን አይደበቅህም። የረገጥኸውን ያህል ይሰጥሃል። ዙሩ በጨመረ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ፣ እየጮኸ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ሬዲዮ ላይ የምትሰማው የድሮ ፎርሙላ ዋን ይሆናል።»

ቁጥሩም ይህንኑ ነው የሚለው። ኤፍ 40 ትልቁን የመጎተት ጉልበቱን፣ 577 ኒውተን ሜትር፣ የሚሰጠው 4,000 ዙር ላይ ነው። ኤፍ 50 ደግሞ 471 ኒውተን ሜትር፣ ያውም 6,500 ዙር ላይ። የኤፍ 40 ጉልበት ይበልጣል፤ ቀድሞም ይመጣል፤ ግን በአንዴ ዱብ ይላል። መንገዱ እርጥብ ከሆነ ወይም መኪናው ጥምዝ ላይ ካለ ያ ዱብታ የኋላ ጎማውን ይነጥቃል። ኤፍ 50 ላይ ያለው ጉልበት የሚቀዳው በሾፌሩ እግር መጠን ነው። ስለዚህ ፓድል ማርሽ (ከመሪው ጀርባ በጣት የሚቀየረውን) እና አውቶማቲክ የለመደ ሰው ከሁለቱ አንዱን ካልመረጥሁ ካለ ኤፍ 50 የሚሻለው ይመስለኛል። ይሄን ስል ግን ኤፍ 50 ለማዳ ነው ማለቴ አይደለም። ኤቢኤስ የሌለው ባለ 520 ፈረስ መኪና ነው።

ጥምዝ ላይ፣ ፍሬን ላይ፣ መሪ ላይ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። በፍጥነትም አንድ ኪሎ ሜትር ነው የሚለያያቸው፤ ኤፍ 50 325 ይሄዳል። በዚህ የሚመርጥ ሰው ጊዜውን አያባክን።

አብሮ መኖር

ኤፍ 50 ጣሪያው ሲነሳ መኪናው ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ብሎኖቹ ተፈትተው፣ ሁለት ሰው ይዞት፣ ጋራዥ ውስጥ ይቀራል። መንገድ ላይ ዝናብ ከመጣ ለክፉ ቀን የሚሆን የጨርቅ መሸፈኛ አለ፤ እሱ ግን ለመዳን ያህል ነው። ለንደን ወይም ሲያትል ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ዱባይ ላይ ከዝናብ ይልቅ ፀሐዩ ነው የሚያስቸግረው። ከኖቬምበር እስከ ማርች ማለዳ ማለዳ ለመንዳት ግን ከኤፍ 50 የሚሻል አላውቅም።

የኤፍ 40 ጣጣ ሌላ ነው። የነዳጅ ታንኮቹ እንደ ውድድር መኪና የላስቲክ ከረጢት ናቸው። ላስቲክ ያረጃል። ተነዳም አልተነዳም በአሥር ዓመት ግድም መቀየር አለባቸው። ዋጋቸው ትንሽ መኪና ይገዛል። የሞተሩን ቫልቮች በጊዜያቸው የሚያስከፍተው የታይሚንግ ቺንጋውም እንዲሁ በዓመት የሚቆጠር ነው እንጂ ኪሎ ሜትሩን ብቻ አይቶ የሚተው አይደለም። ኤፍ 50 የታይሚንግ ሥራው በሰንሰለት ስለሆነ በዚህ ይገላገላል። የእሱም የነዳጅ ከረጢት ግን ያረጃል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ኤፍ 40 ከ1,300 በላይ ተሠራ ብያለሁ። ያ ማለት በየአገሩ የሚያውቀው መካኒክ አለ ማለት ነው። ዕቃ የሚሠሩለት ድርጅቶች አሉ። ምን ቦታ እንደሚበላሽ ተጠንቶ አልቋል። ኤፍ 50 ግን 349 ብቻ ነው። አንዳንድ ዕቃው ተፈልጎ እስኪገኝ መኪናው ወራት ይቆማል። ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ሻጩ ግን አይነግራችሁም።

ባለቤቶቹ ላይም የሚያመጣው ነገር አለ። ብርቅ የሆነውን መኪና ሰው ለመንዳት ይሳሳለታል። ኪሎ ሜትር በጨመረ ቁጥር ዋጋው የሚወድቅ ይመስለዋል። እየሳሳ መኪናውን ያደርቀዋል።

ሌሎቹስ?

ወዳጄ ስለ 288 ጂቲኦና ስለ ኤንዞም ጠይቆኝ ነበር። በአጭሩ ልለፈው። 288 ጂቲኦ 272 ብቻ ነው፤ ከኤፍ 40 ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ቆዳ ወንበር አለው፤ መልኩም ያምራል። እንደ መሰብሰቢያ ዕቃ ለሚያስብ ሰው ይሆናል። ኤንዞ በ2002 መጣ፤ 660 የፈረስ ጉልበት፣ ከመሪው ጀርባ ባሉ ፓድሎች የሚቀየር ማርሽ። 399 ለገዢዎች ተሠሩ፤ አንድ ተጨማሪ ለሮማው ሊቀ ጳጳስ ለዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ተሰጠና ለሱናሚ ተጎጂዎች እርዳታ በጨረታ ተሸጠ። ፍሪሲዮን መርገጥ የማይፈልግ ሰው ከእነዚህ ውስጥ ያለው አማራጭ ኤንዞ ብቻ ነው። እኔ ግን ፍሪሲዮን መርገጥ ለማይፈልግ ሰው የዚህ ዘመን መኪና እንዳይገዛ የሚያደርግ ነገር አላይም።

ስለ ገንዘቡ

ኤንዞ ፌራሪ ሲያርፉ የኤፍ 40 ዋጋ ሰማይ ወጣ። ከፋብሪካ የገዛ ሰው በወራት ውስጥ በእጥፍ፣ በሦስት እጥፍ ሸጠ። ከዚያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገበያው ተናደ። በውድ የገዙት ተቃጠሉ። ፌራሪ ኤፍ 50 ላይ የተጠነቀቀው ለዚህ ነው። ቁጥሩን ያሳነሰው፣ አሜሪካ ላይም መጀመሪያ በኪራይ ውል ብቻ የሰጠው፣ ገዝቶ ወዲያው የሚያተርፍ ነጋዴ እንዳይገባ ነው።

ዛሬ ሁለቱም በሚሊዮኖች ዶላር የሚሸጡ ሲሆን ኤፍ 50 ከኤፍ 40 በላይ ነው። ነገ ምን እንደሚሆኑ በእርግጠኝነት የሚነግራችሁ ሰው ካለ ሊሸጥላችሁ የፈለገ ሰው ነው። የ1990ዎቹን ናዳ አስታውሱ። መኪናውን ለዋጋው ብቻ ብሎ የሚገዛ ሰው ሁለቱንም ባይገዛ እመርጣለሁ።

ሲታይ ምን ይታይ?

እዚህ ላይ ልቆይ። ዋናው ጉዳይ ይህ ነው።

ኤፍ 40 ከፋብሪካ የወጣው በቀይ ነው። ሌላ ቀለም ካያችሁ በኋላ የተቀባ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ቀዩንም ቢሆን በብርሃን እዩት። የካርቦኑ ሽመና በሁሉም ቁራጭ ላይ መታየት አለበት። አንዱ በር ወይም አንዱ ጎን ልስልስ ብሎ ሽመናው ከጠፋ ወፍራም ቀለም ተቀብቷል። ለምን እንደተቀባ ጠይቁ። ማግኔት ያለው የቀለም መለኪያ እዚህ አይሠራም፤ አካሉ ብረት አይደለምና። ከዚያ መኪናው ይሰቀል፤ የሻንሲው ቱቦዎች አንድ በአንድ ይታዩ። ብዙ ኤፍ 40 ተጋጭቷል።

የመጀመሪያዎቹ ኤፍ 40ዎች መስኮታቸው ፕላስቲክ ነው፤ እየተንሸራተተ ነው የሚከፈተው። የጭስ ማጣሪያ የላቸውም። ከፍታቸውም አይስተካከልም። ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚፈልጉት እነዚህን ነው። ለመንዳት ከሆነ ግን ከፍታው የሚስተካከለው በኋላ የመጣው ይመረጣል። ዱባይ ላይ በየመንደሩ መግቢያ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ያየ ሰው ምክንያቱን ይረዳል።

ኤፍ 50 ላይ አብረውት የመጡትን ነገሮች ቁጠሩ። ጠንካራው ጣሪያ፣ የጨርቁ መሸፈኛ፣ የመፍቻ ሣጥኑ። አንዱ ከጎደለ ብቻውን መፈለጉ ያንገላታል። የካርቦን ገንዳውን ከሥር እዩ። መቧጨር ሌላ ነው፤ መሰንጠቅ ሌላ ነው። የመንገዱን ንጠት የሚውጡትን የኤሌክትሮኒክ አሞርቲዛተሮች ሥራ አስፈትሹ። የእነሱን ምትክ ማግኘት ከባድ ነው።

ለሁለቱም የሚሆነው ደግሞ ወረቀት ነው። ፌራሪ ላሮጌ መኪናዎቹ የሚሰጠው ማረጋገጫ አለ፤ ቀይ ሽፋን ባለው መዝገብ ይመጣል። ሞተሩና ካምቢዮው ከዚያው መኪና ጋር የተወለዱ መሆናቸውን ይናገራል። እሱ መኖሩ ጥሩ ነው። ግን አንድ መኪና ኦሪጅናል ነው ማለት ደኅና ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ የጥገናው ደረሰኝ ይምጣ። በየዓመቱ። ቺንጋው መቼ ተቀየረ? ታንኩ መቼ ተቀየረ? ፍሪሲዮኑስ?

ጎማውን ደግሞ ራሳችሁ አንብቡት። ጎን ላይ አራት አሃዝ ተጽፏል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩአችኋል። ሻጩ «በደንብ የተያዘ ነው» ሲል ጎማው የሃያ ዓመት ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። መኪናው አልተያዘም፤ ተቀምጧል።

«ትንሽ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሄደው» የሚለው አነጋገር የሚያሸንፈው ብዙ ሰው ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። 30,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ በየዓመቱ ዘይቱ የተቀየረ ኤፍ 40፣ 3,000 ሄዶ አሥራ አምስት ዓመት ከተሸፈነው ይሻላል። ጎሚኒ ይደርቃል። ነዳጅ ይበላሻል። የፍሬን ዘይት ውኃ ይስባል። መኪና ቆሞ ያረጃል።

እኔ ብሆን፣ እሱ ቢሆን

ለእኔ ከሆነ ኤፍ 40ን እመርጣለሁ። ምክንያቱን ነግሬአችኋለሁ፤ የበሩ ገመድና የታየው ማጣበቂያ ነው። የሚያውቀው መካኒክም ስለማይጠፋ ሳልሳቀቅ እነዳዋለሁ።

ለወዳጄ ደንበኛ ግን ሌላ አልሁ። ሰውዬው ላለፉት አሥር ዓመታት በፓድል ነው የነዳው። ልጅ ሆኖ ግድግዳው ላይ የኤፍ 40 ፎቶ ነበረው፤ ልቡ እዚያ ነው። የቀረበለት ኤፍ 40 ግን 4,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ ነው። ኤፍ 50ው 27,000 ሄዷል፤ የደረሰኙ ክምር ሁለት ፋይል ይሞላል። «ሞዴሉን ተወው፤ መኪናዎቹን አብራችሁ እዩና ይወስን» አልሁት።

ቅዳሜ ሄዱ። ማታ ወዳጄ መልእክት ላከልኝ። ኤፍ 40ው እንደ መስተዋት ያበራ ነበር አለኝ። ደንበኛው ገብቶ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ወዳጄ በዚህ መሐል በርከክ ብሎ በስልኩ መብራት የኋላውን ጎማ አነበበ። 1804 ይላል። የ2004 ዓመት 18ኛ ሳምንት። ስለ ነዳጅ ታንኮቹ ጠየቁ፤ ፋይሉ ውስጥ ምንም ወረቀት አልነበረም። ደንበኛው ወርዶ ራሱ ጎማውን አየው። ዳሰሰውም። የጎማው ጎን በስሱ ተሰነጣጥቋል።

ከዚያ ወደ ኤፍ 50ው ሄዱ። ብሎኖቹን ፈትተው ጣሪያውን ለሁለት ያዙት፤ ወዳጄ በአንድ ወገን፣ ደንበኛው በሌላ ወገን። ግድግዳው ሥር ብርድ ልብስ አንጥፈው አስቀመጡት። ሰውዬው ገብቶ ፍሪሲዮኑን ሦስት ጊዜ ረግጦ ለቀቀው። ከዚያ ቁልፉን አዞረ።